ዶርፐር በግ ቆላ ላይ እንዴት ይራባል?

ዶርፐር አውራ በግ ልትገዙ ከሆነ ውፍረቱ ዓይናችሁን አይሳበው። መጀመሪያ ቆለጡን ዳብሱ።

ዶርፐር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዳቀለ በግ ነው። አንደኛው ወገኑ ዶርሴት ሆርን የሚባል የእንግሊዝ በግ ነው። ሌላኛው ጥቁር ራስ ፐርሺያን ይባላል፤ የዘር ሐረጉ ከእኛው የሶማሌ ጥቁር ራስ በግ ይመዘዛል። ስለዚህ ለደረቅ አገር ጨርሶ ባዳ አይደለም። ግን ሙቀት ይጎዳዋል፤ ጉዳቱ ደግሞ ቶሎ አይታይም።

ከአውራው ኋላ ቁሙና ሁለቱንም ቆለጦች ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ያዟቸው። እኩል መሆን አለባቸው። ሲዳበሱ ጠንከር ብለው እንደ መለመጥ ካሉ ጥሩ ነው። እብጠት ካለ ወይም አንዱ ካልወረደ፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። የደረሰ አውራ ከሆነ ሰፊው ቦታ ላይ ዙሪያውን በሜትር ለኩ፤ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የአውራው የዘር ፈሳሽ ተሠርቶ እስኪያልቅ 7 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዛሬ ፀሐይ የመታው አውራ ዛሬ ሴቶቹን ያጠቃል (ይሰርራል)፣ ጤነኛም ይመስላል። ሴቶቹ ግን ከሳምንታት በኋላ ባዶ ይቀራሉ። ጥፋቱም በእነሱ ይሳበባል! ስለዚህ ከማጥቂያው ሁለት ወር አስቀድማችሁ አየር የሚያስገባ ዳስ ሥሩለት፣ ውኃም አይጉደልበት። ወደ ግጦሽ የሚወጣው በማለዳና አመሻሽ ላይ ይሁን። እኩለ ቀን ላይ አፉን ከፍቶ ካለከለከ ጥላው አልበቃውም ማለት ነው።

ቀኑን ከዝናብ ወደ ኋላ ቁጠሩ። እርግዝናው 5 ወር ገደማ ነው። ቦረና ላይ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚዘንብ፣ ኅዳር ላይ የተጠቃች በግ ሚያዝያ ላይ፣ ሳሩ ሲያቆጠቁጥ ትወልዳለች። ወተት የሚገኘው ያኔ ነው። ከማጥቃቱ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀድሞ ለሴቶቹ ትንሽ ፉርሽካና ፋጉሎ መጨመር መንታ የማርገዝ ዕድላቸውን ያሰፋል። የእርግዝናው አብዛኛው ጊዜ ደረቅ ወራት ላይ ስለሚውል ለዚያም ድርቆሽ አስቀምጡ።

ለአንድ አውራ ከ25 ሴት በላይ አትስጡ። ደረቱን ከሰል በዘይት ለውሳችሁ ቀቡት፤ ያጠቃት ሴት ጀርባዋ ላይ ምልክቱ ይቀራል። ከ17 ቀን ገደማ በኋላ ቀለሙን ወደ ቀይ አፈር ለውጡ። ቀይ የያዘችው በመጀመሪያው አላረገዘችም ማለት ነው። ብዙዎቹ ቀይ ከያዙ ሴቶቹን አትውቀሱ፤ አውራውን በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩ። ሌላ አውራ ካለ ደግሞ ጊዜ ሳታባክኑ ተኩት።

ግልገሉ ሲወለድ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር (የመጀመሪያውን ወተት) መጥባቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ ጡት እስኪጥል ድረስ በደብተር ያዙት፦ የየትኛዋ እናት ልጅ ነው፣ መቼ ተወለደ፣ ተረፈ ወይስ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት የትኛዋን እንደምታስቀሩ የምታውቁት ከዚያ ደብተር ነው።