ኮምፔንሳቶ ቤት ውስጥ ቀጥ አድርጌ መቁረጥ የቻልኩት እንዲህ ነው

122 በ 244 ሳንቲም የሆነ ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በእጅ ሰርኩላር መጋዝ ስቆርጥ ሁሌ መሃሉ ላይ ይወላገድብኝ ነበር፣ የቁም ሳጥኑን ሁለት ጎን ሳስተያያቸው የ4 ሚሊ ልዩነት፣ በጣም ነው ያናደደኝ። እጄ ነው ብዬ ነበር ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ጫፍና ጫፉን ሁለት ወንበር ላይ ስለማስቀምጠው ሲቆረጥ መሃሉ ይረግብና ዲስኩን ቆንጥጦ ይይዘዋል፣ ይሄ ደግሞ አደገኛ ነው፣ መጋዙ ወደ ሰው ይወረወራል።

አሁን መሬት ላይ 5 ሳንቲም ፎም አንጥፌ ሙሉውን እሱ ላይ አስተኛዋለሁ።

ዋናው ግን መሪው ነው፣ መጋዙ ተደግፎት ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ማለቴ ነው። ሰፋ ያለ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ከፋብሪካ ቀጥ ብሎ የመጣ ጠርዝ ያለው ጠባብ ቁራጭ በኮላና በብሎን አሰርኩ፣ ከዛ መጋዙን ጠርዙ ላይ አስደግፌ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ነዳሁት፣ የስሩ ቀጭን ኮምፔንሳቶ ትርፉ ተቆርጦ ወደቀ። የቀረው ጫፍ ዲስኩ የሚያልፍበት ቦታ ማለት ነው፣ ስለዚህ የእርሳስ ምልክቴ ላይ አግጥሞ በሁለት ሞርሳ ማሰር ብቻ፣ ሂሳብ የለም። መሪው የምናስቀረው ቁራጭ ላይ ይሁን፣ ዲስኩ ራሱ 2፣ 3 ሚሊ ይበላል። ጥልቀቱን ስታስተካክሉ የመሪውንም ውፍረት ቁጠሩት፣ ከስር 5 ሚሊ ቢያልፍ ይበቃል።

ቆንጆው ፊት ወደ ታች ይሁን፣ ጥርሱ ከታች ወደ ላይ ስለሚቆርጥ የሚቦጫጨቀው ላዩ ነው። ትናንት ሁለቱን ጎን ደርቤ ጠርዛቸው ላይ ጥፍሬን ሳስኬደው ምንም አልያዘኝም፣ ከማዕዘን ማዕዘንም ለካሁት፣ እኩል።