ባለ 300 ገጽ ፒዲኤፍ ስልክ ሳያስጨንቅ በብራውዘር ማሳየት

አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብሎ ስካን የተደረገ ጥራዝ ነጋሪት ጋዜጣ በስልኩ የሚከፍት የሕግ ተማሪ አስቡ። የሚፈልገው አንድ አንቀጽ ነው። ቶሎ ቶሎ ወደ ታች ሲጎትት ገጹ ነጭ ይሆናል፣ ስልኩ ይግላል፣ ብራውዘሩ ይዘጋል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም፣ የኛ የድረ ገጽ ሠሪዎቹ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። ኤ4 ገጽ 595 በ842 ነጥብ ነው። ጽሑፉ ጥርት እንዲል በእጥፍ ስትስሉት ወደ 2 ሚሊዮን ፒክሰል ይሆናል፤ አንዱ ፒክሰል 4 ባይት ነው። ስለዚህ ገጹ 8 ሜጋባይት፣ 300ው ደግሞ 2.4 ጊጋባይት ሚሞሪ ይበላል። የትኛው ስልክ ይችለዋል?

ስለዚህ የሚታየውን ብቻ ሳሉ፣ ለቀረው ቦታ ያዙ። ፒዲኤፉን የሚያነብላችሁ ሞዚላ የጀመረው ፒዲኤፍ ጄኤስ (PDF.js) የሚባል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ አለ፣ ነፃ ነው። ከጀርባ ሆኖ ፒዲኤፉን የሚተነትነው የወርከር ፋይሉ ቨርዥን ከዋናው ፋይል ጋር አንድ ይሁን፣ አለዚያ አይሠራም።

ለእያንዳንዱ ገጽ ባዶ ዲቭ (የገጹን ቦታ የሚይዝ ሳጥን) አስቀምጡ፣ ቁመቱን ከመጀመሪያው ገጽ ገምቱ። ትክክለኛው ልክ ሲመጣ አስተካክሉ። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፦ ከአንባቢው በላይ ያለ ገጽ ቁመቱ ሲቀየር የሚያነበው መስመር ከዓይኑ ሥር ይሸሻል። ልዩነቱን ስክሮሉ ላይ ደምሩ፤ ብራውዘሩም በራሱ ሊያስተካክል ስለሚሞክር ይህን የሚያዘውን የሲኤስኤስ (የመልክ መወሰኛ ኮድ) ቅንብር፣ ኦቨርፍሎው አንከርን (overflow-anchor)፣ አጥፉት፣ ካልሆነ ሁለት ጊዜ ይዘላል።

ከዚያ ዲቩ ወደ ስክሪኑ ሲገባና ሲወጣ የሚነግራችሁ የብራውዘር መሣሪያ፣ ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር (IntersectionObserver)፣ ይጠብቅላችሁ። ከላይም ከታችም አንድ ስክሪን ያህል ትርፍ ስጡት። ገጹ ሲቀርብ በካንቫስ (የብራውዘሩ መሳያ ሰሌዳ) ሳሉ፤ ሲርቅ ያላለቀውን ሥዕል ሰርዙ፣ የካንቫሱን ስፋትና ቁመት 0 አድርጋችሁ አንሱት።

ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለሆነ በስልክ ያለ ማጉላት አይነበብም። ጣቱ ሲዘረጋ በሲኤስኤስ ወዲያው ለጥጡት፣ ጣቱን ሲያነሳ በአዲሱ ልክ ሳሉት።

ዳታም ገንዘብ ነው። ሰርቨራችሁ ፋይሉን ከፊል በከፊል መላክ ከቻለ፣ ያልተጠየቀውንም አስቀድመው የሚያወርዱትን የፒዲኤፍ ጄኤስን ስትሪምና ኦቶፌች ዝጉ፤ የተፈለገው ገጽ ብቻ ይወርዳል።

ሲያልቅ በርካሽ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ከገጽ 1 እስከ 300 በፍጥነት ጎትቱ፣ ተመለሱ። ሚሞሪው በየዙሩ እየጨመረ ከሄደ ያላነሳችሁት ካንቫስ አለ።