የእሳት እራቱን የለየሁት ክንፉን ሳይሆን ሆዱን አይቼ ነው

ሐዋሳ አካባቢ በቆሎ ማሳ ላይ ለመጤ ተምች (በቆሎ የሚበላ አባጨንጓሬ፣ ሲያድግ የእሳት እራት የሚሆን) የሰቀልኩት የፌሮሞን ወጥመድ፣ ማለትም የሴቷን ሽታ አስመስሎ ወንዶቹን የሚስብ ወጥመድ፣ በየማለዳው የእሳት እራት ይይዛል፤ ግን ብዙዎቹ ተምቹን አይመስሉም። የተምቹ ወንዴ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ምልክት አለው። የእነዚህ ክንፍ ደግሞ ገለባ የመሰለ ነው። በዚያ ላይ ሌሊቱን የወጥመዱ ባልዲ ውስጥ ሲንፈራገጡ አድረው ቅርፊታቸው ተራግፏል፤ ስነካቸው ጣቴ ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል።

መጀመሪያ በስልክ መተግበሪያ ሞከርኩ። አንዱን እራት ሦስት ጊዜ ፎቶ ሳነሳው ሦስት ስም ሰጠኝ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ካሉ ፎቶዎች ጋር ሳስተያይ ሁለት ቀን አቃጠልኩ፤ እነሱ ክንፋቸው ተዘርግቶ የተወጠሩ፣ የኔዎቹ የተቦጫጨቁ። የኋላ ክንፍም አልረዳኝም፣ የተምቹም የእነዚህም ነጭ ነው።

የሠራልኝ ሆዱን ቆርጦ ማየት ነው። የሆዱን ጫፍ 10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳደርኩት (ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል)። ጠዋት በውሃ አጥቤ፣ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ቅርፊቱን በቀጭን ብሩሽ ጠርጌ፣ የመራቢያ አካሉን አውጥቼ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ አየሁት። የመጤው ተምች መቆንጠጫዎች (ወንዱ ሲራባ ሴቷን የሚይዝባቸው) ሰፋፊና አራት ማዕዘን መሳይ ናቸው። የኔው ግን አንገቱ ቀጠን ብሎ ጫፉ እንደ ጭንቅላት የሰፋ፣ ዳሩ ላይ እሾህ የተደረደረበት። ሚቲምና ሎሬዪ የሚባል ሌላ የእሳት እራት ነው! ለካ አፍሪካ ውስጥ በዚሁ ማባበያ ተስቦ የሚገባ የታወቀ ያልተጠራ እንግዳ ነው። አሁን መቁጠሪያ ወረቀቴ ላይ የራሱ ዓምድ አለው።