የጠፋች ከተማን ታሪክ እንዴት ፈልገን እንጻፍ፤ ከባሶ ገበያ እስከ ካናዳ ሜዳ

ጎጃም ውስጥ ድሮ ትልቅ ገበያ የነበረ አሁን ግን በቆሎ የሚዘራበት ቦታ ብዙ ነው፣ እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። ሽማግሌ ስትጠይቁ "እዚህ እኮ ከተማ ነበር" ይሏችኋል፣ ታዲያ ለምን ጠፋ ስትሉ ብዙ ጊዜ መልሱ "ተረገመች" ወይ "ሰዉ ተመቀኛኝቶ" ነው። እርግማኑንም ጻፉት፣ የሕዝብ ትዝታ ነው፣ ግን እዛ ላይ አትቁሙ። የገበያ ከተማ የሚቆመውም የሚወድቀውም ዕቃ በሚያልፍበት መንገድ ነው፣ ስለዚህ ታሪኩን መሰብሰብ የምትፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የምታጣሩት መንገዱ መቼ እንደዞረና ማን እንዳዞረው ነው። ይሄን የምጽፈው የሚያስታውሱት ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉብን ስለሆነ ነው።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታይበት አገር ካናዳ ነው፣ ሳስካችዋን የሚባለው ሜዳማ ክፍለ ሀገር። እዛ ከተሞቹ የተወለዱትም የሞቱትም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ስለሆነ ምክንያቱን በተርታ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣ ሕግ 10 ዶላር ከፍሎ ለተመዘገበና መሬቱን ላለማ ሰፋሪ 160 ኤከር ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ይሰጠው ነበር፣ በ1885 ደግሞ አገሩን ከዳር ዳር የሚያቋርጠው ባቡር አለቀ፣ ከዛ ቅርንጫፍ ሀዲዶች ተዘረጉ፣ ጣቢያዎቹም በየ10 በየ15 ኪሎሜትሩ ገደማ ተተከሉ ምክንያቱም ገበሬው እህሉን በፈረስ ጋሪ አድርሶ በዛው ቀን ቤቱ መመለስ አለበት። በየጣቢያው ኤሌቬተር የሚሉት ረጅም የእንጨት ጎተራ ቆመ፣ ከጎተራው ጎን ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተክርስቲያን፣ ባንክ ምናምን መጣ። በ1933 በሳስካችዋን ብቻ ሳይሆን በካናዳ ሁሉ ከ5,700 በላይ ጎተራ ነበረ። ከዛ የ1930ዎቹ ድርቅ መታቸው፣ ቀጥሎ ትራክተርና ከባድ መኪና መጣና ገበሬው እህሉን ራቅ ወዳለ ትልቅ ከተማ መውሰድ ቻለ፣ እርሻውም እየተጠቃለለ ሄደ፣ በሳስካችዋን ብቻ በ1936 ከ140 ሺህ በላይ የነበረው የእርሻ ቁጥር በ2021 ወደ 34 ሺህ ወርዷል። እርሻ ሲያንስ ቤተሰብ ያንሳል፣ ልጅ ሲያንስ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የቀረውም ጓዙን ይጠቀልላል። ባቡሩ ቅርንጫፎቹን እየዘጋ መጣ፣ በ1995 ደግሞ መንግሥት ለእህል ማጓጓዣ የሚያደርገውን ድጎማ ሲያቆም ትናንሾቹ ጎተራዎች በብዛት ፈረሱ። ሮብሳርት የምትባለውን ብትፈልጉ ፎቶዋን ታገኛላችሁ፣ ባዶ የእንጨት ቤቶች በሣር መሐል ቆመው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ ያ ሜዳ ሰፋሪ ሲገባ ባዶ አልነበረም፣ የክሪና የብላክፉት ሕዝቦች አገር ነበረ፣ ወደተከለለላቸው ቦታ ተገፍተው ነው ሰፋሪው የገባው። እናንተም ስለራሳችሁ ከተማ ስትጽፉ በማን ላብና በማን ኪሳራ እንደበለጸገች ጠይቁ።

ይሄን ይዘን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም ስሙ የገነነ ገበያ ነው፣ በ1840ዎቹ ቤክ የሚባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ ደርሶበት ጽፎለታል። ከአባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣል፣ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል፣ ቡናውና ወርቁ በጎንደር አልፎ እስከ ምጽዋ ይሄዳል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፣ ከማዶ በባርነት እየተነዱ የመጡ ሰዎች እዛ ገበያ ላይ ዋጋ ወጥቶላቸዋል፣ ይሄን ዘሎ የባሶን ታላቅነት ብቻ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን ግማሽ አድርጎታል። ታዲያ ባሶ ለምን ደበዘዘ? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1881 "የጎጃምና የካፋ ንጉሥ" ተብለው ሲነግሡ ማዕረጉ ራሱ ዓይናቸው የት እንደነበረ ይናገራል፣ የማዶው ንግድ ላይ። በዓመቱ በሰኔ 1882 እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ተማረኩ፣ ከአባይ ማዶ ያለው አገርም ከጎጃም እጅ ወጣ። ከዛ በኋላ የማዶው ቡናና ወርቅ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች፣ የጅቡቲውም ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ገባ (እስካሁን የጠቀስኳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በመጨረሻም ዋናው የመኪና መንገድ በደጀንና በሉማሜ አድርጎ ማርቆስ ሲገባ የጁቤን ወደ ጎን ትቷት አለፈ። እንግዲህ ጦርነት፣ ባቡር፣ አስፋልት፣ ሦስቱም መንገድ ማዞር ናቸው፣ እርግማን የሚባለው ከዚህ ኋላ ነው የመጣው።

ሥራው እንዲህ ነው የሚጀመረው። በእግራችሁ ሂዱ። ከከተማዋ ቦታ እስከ ቀጣዩ ገበያ ጭነት የያዘች አህያ ስንት ሰዓት እንደምትወስድ ጠይቁ፣ ኪሎሜትር ሳይሆን ሰዓት። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የማይሞላ ከሆነ መሐል ላይ ማደሪያ መኖር አለበት፣ የድሮዎቹ መንደር ከተሞች ብዙዎቹ ማደሪያ ነበሩ፣ ጠላ ቤትና አረቄ ቤት፣ ለበቅሎ ገለባ የሚሸጥበት። መኪና ሲገባ ማደር ቀረ፣ ማደር ሲቀር ጠላ ቤቷ ተዘጋች፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። ከዛ የአካባቢውን ገበያዎች ቀን በሰንጠረዥ ጻፉ፣ የትኛው ማክሰኞ የትኛው ቅዳሜ፣ ነጋዴ በሳምንቱ እየዞረ ነውና የሚሸጠው ሁለት ገበያ በአንድ ቀን ከዋለ አንዱ ይሞታል። "ቀኑ ተቀይሮ ያውቃል?" የምትለዋን ጥያቄ በጭራሽ እንዳትረሱ። ኬላውንና የወንዝ መሻገሪያውንም ጠይቁ፣ ለምሳሌ ሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ጎጃምን ከቤጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲሰበር ሰው ለዓመታት በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር የስንት መንደር ገበያ እንደሚያደርቅ አስቡት።

ሰው ስትጠይቁ የባላባት ልጆችን ብቻ አትጠይቁ፣ እነሱ የሚነግሯችሁ ማን ገዛ ማን ሸፈተ ነው። ጠላ ይጠምቁ የነበሩ እናቶች፣ በቅሎ ነጂ የነበሩ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ የሙስሊም ነጋዴ ቤተሰቦች፣ እነዚህ ናቸው ዋጋና መንገድ የሚያውቁት፣ በተለይ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ሰው ስለሚንቃቸው የጠየቃቸው የለም፣ እናንተ ጠይቁ። ሽማግሌውን አንቱ በሉ፣ ቄሱን አባ፣ እናቲቱን እማማ በሏቸው፣ ቡና ሲፈላ ጠብቁ እንጂ ገና ቁጭ ሳትሉ ስልክ አታውጡ፣ ከዛ "አባቴ የሚነግሩኝ እንዳይጠፋብኝ ድምፅዎን ልቅዳው?" ብላችሁ አስፈቅዱና ሪከርደሩን ክፈቱ። እምቢ ካሉ ደብተር ይበቃል። ደግሞ ጊዜው ሰው የሚጠራጠርበት ጊዜ ስለሆነ የማን ልጅ እንደሆናችሁና ለምን እንደምትጠይቁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የሚያውቃችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ መንገድ አስተማማኝ ካልሆነ በስልክ ደውላችሁ ጀምሩ። ጥያቄያችሁ የካናዳውን ቅደም ተከተል ይከተል፦ መጀመሪያ ምን ይጫን ነበር በምን ይጫን ነበር፣ ቀጥሎ መጀመሪያ የተዘጋው ምንድን ነው፣ ወፍጮው ነው ትምህርት ቤቱ ነው ሱቁ፣ ከዛ መጀመሪያ የሄደው ቤተሰብ ወዴት ሄደ። የመጨረሻውን የወጣ ሰው ሁሉም ያስታውሰዋል፣ መጀመሪያ የወጣው ግን ነው ምክንያቱን የሚያውቀው።

ዓመት ላይ ጠንቀቅ በሉ። ሽማግሌ በቁጥር አይነግራችሁም፣ በክስተት ነው፣ ስለዚህ እነዚህን በኛ አቆጣጠር ደብተራችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፦ ጣሊያን የገባው 1928 የወጣው 1933፣ የጎጃም ገበሬ በግብሩ የተነሳው 1960፣ አብዮቱ የፈነዳው 1966፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን የያዘው መስከረም 1967፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 1967፣ ኢሕአዴግ 1983፣ የመሬት ድልድሉ 1989። "ልጄ በድልድሉ ዓመት ተወለደች፣ ወፍጮው ያኔ ቆሞ ነበር" ካሏችሁ ዓመቱ ተገኘ ማለት ነው። እያንዳንዱን ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩ፣ ካልለያችሁ ከናንተ በኋላ የሚያነበው ሰው በሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

መሬቱ ራሱም ይናገራል። በተርታ የቆመ አሮጌ ባሕር ዛፍ፣ ብቻውን የቀረ የገበያ ዋርካ፣ በእንስሳ ኮቴ ተቦርቡሮ የጎደጎደ አሮጌ መንገድ፣ የቤት መሠረት ድንጋይ፣ ከጓሮ ውጭ የበቀለ ጌሾ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ ግን አትቆፍሩ፣ መቆፈር የባለሙያ ሥራ ነው። ከዛ ጎግል ኧርዝ ላይ ግቡና የድሮውን ምስል የሚያሳየውን ከፍታችሁ ቆርቆሮዎቹ በየዓመቱ ወደየትኛው መንገድ እንደተጠጉ እዩ፣ ስክሪንሾት እያደረጋችሁ ዓመቱን ጻፉበት። ወረቀት ደግሞ ከምታስቡት በላይ አለ፣ የግብር ደረሰኝ በየሰዉ ሳጥን ውስጥ፣ የእድርና የማኅበር መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ሮስተር፣ በቤተክርስቲያን መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የመሬት ጉዳይ። የ1976፣ የ1987 እና የ1999 የሕዝብ ቆጠራ ውጤቶች ደግሞ አሉ፣ ከተማዋ በሦስቱም ውስጥ በስም ካለች ቁጥሯን ከጎረቤቶቿ ጋር አስተያዩ፣ በአንደኛው ኖራ በቀጣዩ ከጠፋች እሱ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው።

ሲጻፍ ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም ከነምክንያቱ አስቀምጡ፣ አስታራቂ አትሁኑ። ያላረጋገጣችሁትን "ይባላል" በሉት። የሰው ስም ከማውጣታችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፣ የመሬት ክርክር ያለበት ነገር ከሆነ ደግሞ ስሙን ተዉት። ድምፁን ፍላሽ ላይ በሁለት ኮፒ አድርጉ፣ አንዱ እናንተ ጋ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ይቀመጥ፣ የታተመውን ጽሑፍ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና ለነገሯችሁ ሰዎች ቤት አንድ አንድ አድርሱ። ማንበብ ለማይችሉት እናት ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፣ ያኔ የሚያርሙትንም ጨምሩበት።