በኤን-ኤይት-ኤን የሚሠራ ወርክፍሎው ሲሰናከል በጊዜ እንዴት ማወቅ ይቻላል

ኤን-ኤይት-ኤን (n8n) ተደጋጋሚ ሥራዎችን በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፤ ወርክፍሎው ደግሞ በእሱ ላይ የተቀጣጠለ የሥራ ደረጃዎች ሰንሰለት ነው። ትዕዛዝ ተቀብሎ፣ ክፍያ አረጋግጦ ደረሰኝ የሚልክ ወርክፍሎው ሌሊት ቢቆም ከደንበኛው ቀድመው ማወቅ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ኤን-ኤይት-ኤንን በራስዎ ሰርቨር ላይ ከጫኑ እንዲህ ያዘጋጁት።

1. በወርክፍሎው «ሴቲንግስ» ውስጥ የተሳካውም ያልተሳካውም ኤክስኪዩሽን (ወርክፍሎው አንድ ጊዜ የሠራበት መዝገብ) እንዲቀመጥ ይምረጡ። «ደረሰኝ አልደረሰኝም» የሚል ክርክር ሲነሳ ማስረጃ የሚሆነው የተሳካው ነው። እዚያው የሰዓት ቀጠናውን ወደ አዲስ አበባ ይቀይሩ። ሳይነካ ከተተወ የኒውዮርክ ሰዓት ነው፤ ለእኩለ ሌሊት ያሉት ሥራ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ ይነሳል።

2. የኤክስኪዩሽኖቹን ማቆያ ጊዜ ይወስኑ። ካልቀየሩት መዝገቡ ከ336 ሰዓት (14 ቀን) በኋላ ወይም ከ10,000 ኤክስኪዩሽን ሲያልፍ ይሰረዛል። ዳታቤዝዎ ኤስኪውላይት (መረጃውን በአንድ ፋይል የሚያስቀምጥ) ከሆነ መረጃው ቢሰረዝም ቫክዩም (የተሰረዘውን ቦታ የማስለቀቅ ሥራ) እስካልተደረገ ድረስ ፋይሉ አያንስም፤ ዲስክ የሚሞላው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

3. «ኤረር ትሪገር» በሚባለው ኖድ (ኖድ ማለት የወርክፍሎው አንድ ደረጃ ነው) የሚጀምር ሌላ ወርክፍሎው ሠርተው የወርክፍሎውን ስም፣ የቆመበትን ኖድና የስህተቱን መልእክት ወደ ቴሌግራም ግሩፕ እንዲልክ ያድርጉ። ከዚያ በዋናው ሴቲንግስ «ኤረር ወርክፍሎው» ላይ ይምረጡት። በእጅ እያስነሱ ቢሞክሩት መልእክት አይመጣም፤ የሚሠራው ዋናው በራሱ ተነስቶ ሲሰናከል ብቻ ነው። ኤክስኪዩሽኑ ካልተቀመጠ ደግሞ መለያ ቁጥሩ አይደርስዎትም።

4. አረንጓዴ ምልክትን አይመኑ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ኖድ ከዳታቤዝ ምንም ካላገኘ ተከታዮቹ ኖዶች ሳይነሱ ይቀራሉ፤ ኤክስኪዩሽኑ ግን «ተሳክቷል» ተብሎ ይመዘገባል። ባዶ መሆኑን የሚፈትሽ «ኢፍ» ኖድ ብቻውን አይበቃም፤ የሚገባለት ነገር ከሌለ እሱም አይነሳም። መጀመሪያ ፈላጊው ኖድ ላይ «ኦልዌይስ አውትፑት ዳታ»ን (ምንም ባይገኝም ባዶ ውጤት የሚያስተላልፈውን) ያብሩ፣ ቀጥሎ ኢፍ፣ በባዶው መንገድ ደግሞ «ስቶፕ ኤንድ ኤረር» (ሥራውን በስህተት የሚያቆም ኖድ) ያስገቡ። ስህተት ቢያጋጥምም እንዲቀጥል የተደረገ ኖድም እንዲሁ ጥፋቱን ይሸፍናል።

5. ክፍያ የሚቆርጥ ኖድ ላይ «ሪትራይ ኦን ፌል»ን (ሲሰናከል በራሱ ደግሞ የሚሞክረውን) አያብሩ። ባንኩ ገንዘቡን ቆርጦ መልሱ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ ድጋሚ ሙከራው ሁለተኛ ጊዜ ሊቆርጥ ይችላል።

6. በመጨረሻው ኖድ የትዕዛዝ ቁጥሩን፣ የኤክስኪዩሽኑን ቁጥርና ሰዓቱን ለብቻ በሆነ ሰንጠረዥ ላይ ያስመዝግቡ። ሰርቨሩ ራሱ ከወደቀ ኤረር ወርክፍሎውም አብሮ ይወድቃል፤ ስለዚህ በሌላ ማሽን ላይ ያለ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሳ ፕሮግራም) በየሰዓቱ የሰንጠረዡን የመጨረሻ መስመር አይቶ፣ ከተመዘገበ ከቆየ ያሳውቅዎት።