ሰንጢ ሲስሉ ማዕዘኑን በማርከር ይቆጣጠሩ

ሰንጢ የሚሰበስብም ሆነ እንጨት የሚቀርጽ ሰው በመሳል ላይ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ስለቱን ድንጋዩ ላይ በአንድ ማዕዘን አጽንቶ መያዝ ስለሚያቅተው ነው። ለዚህ ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ማርከር ነው። የስለቱን ጠርዝ በሁለቱም ጎን በጥቁር ማርከር ይቀቡና ባለ 1000 ቁጥር የውኃ ድንጋይ (በውኃ ረጥቦ የሚሠራ መሳያ፤ ቁጥሩ የድንጋዩን ልስላሴ ያመለክታል) ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድመው ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሳሉት። ቀለሙ የሚቆርጠው የስለቱ ጫፍ ላይ ሳይነካ ከበላዩ ብቻ ከለቀቀ ሰንጢው ከሚገባው በላይ ተኝቷል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቆሟል፤ የተሳለው ገጽ በሙሉ እኩል ሲለቅ ግን ትክክለኛውን ማዕዘን አግኝተዋልና እጅዎን ሳያዛቡ ይቀጥሉ።

ወደ ሌላው ጎን የሚዞሩት፣ በተቃራኒው ፊት ላይ ጣትዎ ከጀርባው ወደ ስለቱ ሲዳብስ የሚሻክር ቀጭን የብረት ጠርዝ ከእጀታው እስከ ሰንጢው ሹል ጫፍ ሲወጣ ነው፤ ይህ ሳይወጣ ማገላበጥ ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱም ጎን ካበቃ በኋላ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የሰንጢውን ጀርባ አስቀድመው ከ10 እስከ 15 ጊዜ በየጎኑ ይጎትቱት፤ ስለቱን አስቀድመው ከገፉት ቆዳውን ይቆርጠዋል።

ለመሞከሪያ ከጠንካራው ወይራ ይልቅ ዋንዛን እመርጣለሁ። በሚገባ የተሳለ ሰንጢ ከዋንዛ ላይ ረጅምና የተጠቀለለ ልጣጭ ያነሣል፣ የተቆረጠውም ገጽ ያብረቀርቃል፤ በእንጨቱ ላይ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር ከታየ፣ ስለቱ በዚያው ልክ ተሸርፏልና ወደ ድንጋዩ ይመልሱት።