በክረምት የሚተኛ ካርቶን፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ሐምሌ ሲገባ ኮምቦልቻ ላይ መጋዘን ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ አለው፦ «ካርቶኑ ሳስቷል፤ አምራቹ ከግራሙ (ከወረቀቱ የካሬ ሜትር ክብደት) ቀንሷል»። አልፎ አልፎ እውነት ነው። የተጠረጠረውን ካርቶን አድርቃችሁ ብትመዝኑት ግን ብዙ ጊዜ ግራሙ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ የበዛው ውሃው ነው። ወፍራም ካርቶን ለማዘዝ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት መነሻውን ለዩ።

የታችኛው ረድፍ ሆዱን አውጥቶ ይተኛል

ሲደረደር ቀጥ ብሎ የቆመው ካርቶን ከቀናት በኋላ ጎኑ ያብጣል፣ ክምሩም ያዘነብላል። ወረቀት ከአየር እርጥበት ይስባል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚፈተነው በ23 ዲግሪ ሙቀትና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት ነው፤ በዚያ ሁኔታ የሚይዘው ውሃ ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው። የአየሩ እርጥበት ወደ 90 በመቶ ሲጠጋ ግን ጭነት የመሸከም አቅሙ በግማሽ ያህል ይወርዳል። አቅራቢው የሚሰጣችሁ የጥንካሬ ቁጥር እንግዲህ የደረቅ ክፍል ቁጥር ነው።

ከእርጥበቱም የባሰው መዋዠቁ ነው። ቢርድ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት፣ ጭነት ተሸክሞ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ የሚልበት ወረቀት ዘወትር እርጥብ ከሆነው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚጎብጥ አሳይቷል። የቆርቆሮ መጋዘን ደግሞ ይህንኑ ያደርጋል፦ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያረጥባል። «በሩን ከፍተን እናናፍስ» የሚባለው የሚጠቅመው የውጭው አየር ከውስጡ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ዝናብ እየጣለ ከሆነ ዝጉት።

ለማረጋገጥ ከካርቶኑ ቆርጣችሁ መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ፣ የቀነሰውን ለመጀመሪያው ክብደት አካፍሉ። ከመኪና ሲወርድ ከ10 በመቶ በታች የነበረ ካርቶን መጋዘን ውስጥ ከዚያ በላይ ከሆነ ጥፋቱ የአምራቹ አይደለም። ካርቶኑ የሚደረደርበት ፓሌት (የእንጨት መደብ) ከሲሚንቶው ወለል ይነሳ፤ ከግድግዳውም ፈቀቅ ይበል። ጫኝና አውራጆች እንደ ጡብ አጠላልፈው መደርደር ይወዳሉ፣ ክምሩ አይናድምና። ሆኖም የካርቶን ጉልበት ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው። ማዕዘን በማዕዘን ላይ ካላረፈ እስከ ግማሽ የሚሆነው አቅም ይጠፋል። ቀጥ አድርጋችሁ ደርድሩና በገመድ ወይም በላስቲክ እሰሩት።

ካፊያ ነክቶት ወዲያው ይጠጣል

ይህ ሳይዚንግ የሚባለው፣ ወረቀቱ ሲሠራ የሚገባው ውሃ ከልካይ ኬሚካል ጉዳይ ነው። መለኪያው ኮብ ይባላል፦ 100 ካሬ ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ቀለበት ታስሮ ውሃ ይፈሳል፣ በ60 ሰከንድ ውስጥ የጠጣው ይመዘናል። በካሬ ሜትር ከ30 ግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው።

ቁጥሩ በድንገት ከጨመረ አምራቹን ስለ ጥሬ ዕቃው ጠይቁት። ለሳይዚንግ የሚገቡት ሮዚን (የዛፍ ሙጫ) እና አልም (የአሉሚኒየም ጨው) የሚሠሩት አሲዳማ በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ነጭ የቢሮ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ካልሲየም ካርቦኔት አለበት፤ ከአሮጌ ካርቶን ጋር በብዛት ሲፈጭ አሲዱን ያጠፋውና ሳይዚንጉ ይከሽፋል። መፍትሄው ቅልቅሉን መቆጣጠር ወይም አሲዳማ ላልሆነ ውሃ ወደሚስማማው፣ ኤኬዲ ወደሚባለው ሌላ የሳይዚንግ ኬሚካል መዞር ነው። ኤኬዲም አመል አለው፦ በርሜሉ ሙቀት ላይ ከቆየ ይበላሻል፤ ሲበዛም ወረቀቱን ያንሸራትታል። የሐረጎን ዳገት ለሚወጣ ጭነት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሳይዚንግ ፈሳሽ ውሃን ያዘገያል እንጂ እንፋሎትን አያግድም። «ውሃ የሚቋቋም» ብላችሁ ከፍ ባለ ዋጋ የገዛችሁት ካርቶን ክረምት ላይ እንደሌላው ይረጥባል።

የካርቶኑ ንጣፎች ይላቀቃሉ

በእጃችሁ ገንጥሉት። ወረቀቱ ራሱ ከተቀደደ ሙጫው ደህና ነው። ያለ ቅዳጅ ከለቀቀ ከፋርማሲ የተገዛ አዮዲን ጠብ አድርጉበት፤ ሙጫው የሚሠራበት ስታርች ያለበት መስመር ይጠቁራል። መስመሩ የተቆራረጠ ከሆነ ሙጫው አንሷል፣ ሙጫ የሚቀባው ሮለር ይስተካከል። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ነጭ ዱቄት የሚራገፍ ከሆነ ስታርቹ አልበሰለም፦ ማሽኑ ፈጥኗል ወይም ወረቀቱ ቀዝቅዞ ገብቷል። «ከፍታው ነው» የሚሉ አሉ፤ አይደለም። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የበቆሎ ስታርች ግን 60ዎቹ ውስጥ ይበስላል፤ ኮስቲክ ሶዳ ሲገባበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል።

የሳምቡሳው ከረጢት ዘይት ያሳልፋል

ፌስታል የሚከለክል አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ የወረቀት ከረጢት ፈላጊው በዝቷል፤ ቅሬታውም እንዲሁ። ቀለም ያለው ዘይት ለጥ ባለው ቦታና በእጥፋቱ ላይ ለየብቻ ጠብ አድርጉ። ለጥ ባለው ላይ ካሳለፈ ኮቲንጉ (ዘይት ከልካዩ ቅብ) ቀዳዳ አለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአረፋ የተነሳ፤ አንድ ወፍራም ቅብ ከመቀባት ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል። በእጥፋቱ ብቻ ካሳለፈ ቅቡ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ የሚለጠጥ ዓይነት ይፈለግ። ሰም ለትኩስ ምግብ አይሆንም። ቀድሞ ዘይት ለማገድ ይገባ የነበረው የፍሎሪን ኬሚካል አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ወረቀት መሸጡ ማብቃቱን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 አስታውቋል። አቅራቢያችሁን ምን እንደተጠቀመ በጽሑፍ ጠይቁ።

የቺፕስ ካርቶን ጎኑ ተወጥሮ ይደርሳል

ካርቶኑ ምንም አልሆነም። ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ ድረስ የአየር ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ደሴ ሲደርስ ደግሞ እንደገና 8 በመቶ ገደማ፤ የታሸገው ከረጢት ይነፋና ካርቶኑን ይገፋል። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚታሸግ ከሆነ አየሩ እንዲቀነስ እዘዙ።